ሲስተር ክላራ አማርኛ ይችላሉ ወይ?

ከከፋ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። በምሠራበት ክሊኒክ ያሉ ጓደኞቼ «እስቲ አጫውቺን፤ ደኑ እንዴት ነው? ማሩስ?» ይሉኛል። ደኑ አረንጓዴ ነው፣ ማሩም ጥሩ ነው። የሄድኩት ግን ለደንም ለማርም አልነበረም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። እናንተ መቼም ወደዚያ አትሄዱም፤ ቢሆንም ከመነሻዬ ጀምሬ የሆነውን ቀን በቀን እጽፍላችኋለሁ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ከሺሺንዳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው። ምሳ እየበላን «ሲስተር ክላራ አርጅተዋል፤ በዚህ ወር መጨረሻ ወደ አገራቸው ወደ ጣሊያን ሊመለሱ ነው» አለኝ። ያስተማሩን መነኩሲት ናቸው። «ልጆች ሆነን ሁላችንንም ‹እርስዎ› ይሉን እንደነበር ታስታውሳለህ?» አልኩት። ሳቀ። «ምን ያድርጉ፣ አማርኛ አይችሉ! ‹አንቺ›ንና ‹እርስዎ›ን አይለዩም ነበር እኮ። አህያውንም ‹እርስዎ› ሳይሉት አይቀሩም» አለ። እሱ ሲስቅ እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

ለምን እንደመለስኩት ልንገራችሁ። እኔ ማንጆ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቃል ለማንም ምንም አይደለም። ከፋ ውስጥ ግን ማንጆ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሰው ቤት ገብቶ አይቀመጥም፤ ከሰጡትም ደጅ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል ወይም አፉ በተሸረፈ ዕቃ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «የማይበላ ሥጋ ስለሚበሉ ነው» ይሏችኋል። አባቴ ከሰል እያከሰለ የሚሸጥ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ካየ ወደ ቦዩ ይወርድና «ልሙትልዎ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የሰው ልጅ ሁሉ፣ ገና ጥርሱን ያልነቀለው ሳይቀር፣ እሱን «አንተ» ይለዋል። እኔን ደግሞ ከቤተሰቤ ሌላ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ሲስተር ክላራ ናቸው በሰባት ዓመቴ የክፍሉ በር ላይ ተገትሬ ሳለሁ «ወይዘሪት አስካለ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» ያሉኝ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ተስፋዬም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር። እኔ ግን ገባሁ፣ ተቀመጥኩም። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት እዚያች ቃል ላይ ቆሜ ነው፤ ነርስ የሆንኩትም በሷ ነው። እንግዲህ ተስፋዬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አብሮኝ እየበላ ሺሺንዳ እናቱ ቤት አንድ ቀን ጋብዞኝ የማያውቀው ተስፋዬ፣ ያቺ ቃል የሰዋስው ስህተት ነበረች አለኝ። ሲስተር ክላራን ሳይሄዱ አግኝቼ መጠየቅ ነበረብኝ።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። የደረሰኝ ወንበር መስኮት አጠገብ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን አየር ጤና እንኳ አላደረሰኝም። መስኮቱን ጣት በምታሾልክ ልክ ብከፍተው ከኋላዬ ያለ ሰውዬ «እህቴ፣ ንፋስ ሊመታን ነው፤ ዝጊው!» ብሎ ጮኸ። ነርስ መሆኔን፣ ንፋስ የገደለው ሰው አይቼ እንደማላውቅ፣ በታፈነ አውቶቡስ ውስጥ የሚተላለፈውን በሽታ ግን ልቆጥርለት እንደምችል ነገርኩት። አውቶቡሱ በሙሉ ከሱ ጋር ወገነ። ዘጋሁት።

ግቤ በረሃ ስንደርስ ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጣና አስታወከኝ። ያ መስኮት ያስዘጋኝ ሰውዬ ነው ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ለሁለት ከፍሎ የሰጠኝ፤ ኮቱንም አጥፎ ከራሴ ሥር አደረገልኝ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ስለነበር ማመስገኑ ከበደኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ብታስታውኩ የሚሰጣችሁ ሎሚ ሳይሆን ግልምጫ ነው።

ጅማ አደርን። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ መታወቂያዬን ተቀብሎ መዝገቡ ላይ ሲገለብጥ ብሔር ከሚለው መስመር ላይ ደረሰና «ከፋ! የቡና አገር ሰው!» ብሎ ፈገግ አለ። አዎ፣ መታወቂያዬ ላይ ከፋ ነኝ። ከራሱ በላይ ብሔር ብሔረሰቦች በየልብሳቸው እየጨፈሩ የሚታዩበት ፖስተር ተሰቅሏል፤ «እኩልነታችን» ይላል ከሥሩ። መንግሥት በወረቀት ላይ እኩል አድርጎናል፤ ብርጭቆ ላይ ግን ገና አልደረሰም። ቁልፌን ተቀብዬ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ረቡዕ

ከጅማ ወደ ቦንጋ መንገዱ ሲሠራ የከረመ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ሥራው ሁሉ ጭቃ የሚሆን መንገድ ነበር። ጎጀብን ሳንሻገር የኋላ ጎማችን ሰጠመ። «ወንዶች ውረዱ!» አለ ረዳቱ፤ ከዚያ «ሁላችሁም ውረዱ» ሆነ። ገፋን። አውቶቡሱ ሲወጣ የአንድ እግሬ ጫማ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቀሪውን መንገድ አንድ እግሬ አጭር፣ አንድ እግሬ ረጅም ሆኖ ደረስኩ።

ቦንጋ ባጃጅ ያዝኩ። «ወዴት ነሽ እህቴ?» አለኝ ባለ ባጃጁ። ነገ ወደ ሚሲዮኑ የሚሄድ መኪና ስለመኖሩ የሚያውቅ የካቶሊክ ሰው ነበር የምፈልገው፤ «ሲስተሮቹ ጋ አድርሰኝ» አልኩት። «እሺ» አለና ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ጣለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ብቅ ብላ «ሲስተር የሚፈልግ አለ? እኔ ነኝ» አለች። ነርስም ሲስተር፣ መነኩሲትም ሲስተር በሆነበት አገር ጥፋቱ የኔ ነበር። እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነርስነት ስመረቅ «ልጄ ሲስተር ሆነች» ብላ ስታወራ የሰፈሩ ሰው መነኮሰች ብሎ ሊያጽናናት መጥቶ ነበር። «እኔም ሲስተር ነኝ» አልኳት ለልጅቷ። ስትስቅ መድኃኒት የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ ሳቀ። የጾም በያይነት የያዘ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እኩል አካፈለችኝ፤ ትርፍ የጎማ ጫማም ነበራት፣ ሰጠችኝ። በማግስቱ ወደ ሺሺንዳ የሚሄድ ሚኒባስም እሷው ነገረችኝ።

ሐሙስ

ሚኒባሱ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳ። አዲስ አበባ ቢሆን ረዳቱን ሰው ይቦጫጭቀው ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ተረጋግቶ በቆሎ ይበላል። ሺሺንዳ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። ወደ ሚሲዮኑ የሚያወጣው የእግር መንገድ ውኃ ሆኗል፤ አንድ ሻይ ቤት ጥግ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ «አንቺ ልጅ፣ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ከበስተኋላ ሁለት የማከራዩት አልጋ አላቸው። እርጥብ ሹራቤን አስወልቀው ጋቢ አለበሱኝ፤ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ከትሪው ላይ ቀይ አበባ ከተሣለባቸው ስድስት ብርጭቆዎች አንዱን አንስተው ሻይ ቀዱልኝ፤ ማርም በማንኪያ ጨመሩበት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ንዴቴን ረሳሁት። ከዚያ የአገሩ ጥያቄ መጣ፤ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

አፌ ራሱ መለሰ። «የተስፋዬ ዘመድ ነኝ፤ አዲስ አበባ የሚሠራው።»

«የየትኛው ተስፋዬ? የኛው ተስፋዬ? እናቱ እኮ ጎረቤቴ ናት!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ሁለተኛ ሻይ ተቀዳ። ነርስ መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ቅልጥማቸውን አሳዩኝ፤ የፈላ ማንቆርቆሪያ ደፍተውበት ቆዳው ተልጧል፣ ቅቤ ለቅልቀውበታል። ቅቤ በመለቅለቃቸው ተቆጣኋቸው፤ እንደ ልጅ አቀርቅረው ሰሙኝ። በጨው ውኃ አጥቤ፣ ከቦርሳዬ ፋሻ አውጥቼ አሰርኩላቸው። «እጅሽ ይባረክ፤ ምንም አላመመኝም» አሉ። አልጋ ላይ ሆኜ የሳሙኝን ጉንጬን ነካሁ፤ የተሳመው የኔ ጉንጭ አልነበረም፣ የተስፋዬ ዘመድ ጉንጭ ነው። በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ዓርብ

ጠዋት ፀሐይ ወጣ፤ ዳገቱን ጀመርኩ። አባቴ ሰው ሲመጣ ይወርድበት የነበረው ቦይ አሁንም አለ፤ ሣር በቅሎበታል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ከግቢው ውስጥ፣ ከጎመኑ መደብ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ውጪ! ውጪልኝ አንቺ ሌባ! ትናንት ሰላጣውን በላሽ፣ ዛሬ ደግሞ ጎመኑን ልትጨርሺው ነው?»

ፍየል አጥሩን ዘላ አጠገቤ ዱብ አለች። ከኋላዋ ዱላ የያዙ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ አሮጊት መነኩሲት ብቅ አሉ። እኔን ሲያዩ ዱላውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

«እንደምን አደሩ?» አሉኝ። «ማንን ፈለጉ?»

ይህን ሁሉ መንገድ ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ፍየሏ መልሳልኛለች። ‹አንቺ ሌባ›፤ ‹በላሽ›፤ ‹ልትጨርሺው›፤ አንዷም አልተዛነፈችም። ሰላምታውን እንኳ ሳልመልስ «ሲስተር፣ አማርኛ ይችላሉ!» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት እኮ ኖርኩበት» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «ወይዘሪት አስካለ ነዎት? ወይስ ወይዘሮ?»

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሻንጣቸው ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ አንዲት ብቻ ናት። ሰላም የለ፣ ደህና ነዎት የለ፣ በቀጥታ ገባሁበት። «ስህተት ነው ይላሉ። አማርኛ ስለማያውቁ ነው ሁሉን ‹እርስዎ› የሚሉት ይላሉ። ፍየሏን ግን ‹አንቺ› አሏት።»

«ፍየል ናታ» አሉ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀጠሉ። «እዚህ እንደመጣሁ አማርኛ የሚያስተምሩኝ ሰውዬ ነበሩ። ይህ ለትልቅ ሰው ነው፣ ይህ ለትንሽ ሰው ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። በመንገድ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ቦይ ውስጥ ወርደው ‹ልሙትልዎ› አሉን። አስተማሪዬ ‹አንተ፣ ከሰሉን ነገ አምጣ› አሏቸው። ሽማግሌ ናቸው እኮ፣ ‹እርስዎ› አይባሉም ወይ? አልኳቸው። ለነዚህ አይባልም አሉኝ። እንግዲህ ለማን እንደሚባልና ለማን እንደማይባል መያዙ ከበደኝ። ሰነፍ ተማሪ ነበርኩ፤ አንዱን ብቻ ያዝኩ።»

«ሽማግሌው አባቴ ናቸው?»

«አቶ ገብሬ ናቸው» አሉ።

አባቴን «አቶ» ሲል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ባሰብኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም? ለምን ሞኝ ናት ሲሉዎት ዝም አሉ?»

«ሆን ብዬ ነው ብል ወላጆቹ በማግስቱ ልጆቻቸውን ያስወጡብኝ ነበር። አማርኛ የማትችል ሞኝ ፈረንጅ ሲሉኝ ግን ማንም አልተቆጣም። ሞኝነቱ ተመቸኝ።»

«ለርስዎ ተመችቶዎታል!» ብዬ ተነሳሁ። «እኔስ? እዚህ በር ውስጥ ሰው አድርገውኝ፣ ውጭው ዓለም በሙሉ እንደርስዎ የሚናገር አስመስለው ለቀቁኝ። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የአገራችን ልጅ ማንነቴን ስታውቅ አልጋዋን ከአጠገቤ አንስታ ሄደች። የዚያን ቀን የረገምኩት እሷን አልነበረም፤ እርስዎን ነው። ‹እርስዎ› መባልን ባያስለምዱኝ ኖሮ ያን ያህል ባላመመኝ ነበር።»

ሲስተር ክላራ ይቅርታ አልጠየቁኝም። ጉልበታቸውን እያሻሹ ፍየሏ ወደሄደችበት ያያሉ። ቆይተው «ትናንት የት አደሩ?» አሉኝ።

«ሺሺንዳ፣ እትዬ ብዙነሽ ቤት።»

«ጥሩ ሰው ናቸው። ሻይ ሰጡዎት?»

«በማር።»

«በብርጭቆ?»

«በብርጭቆ።»

«ማን ነኝ ብለዋቸው?»

ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን አገር ያውቁታል።  ከዚያ ቀስ ብለው «መቆጣትዎ ደስ ይለኛል፣ ወይዘሪት አስካለ» አሉ። «ግን ቤት ተሳስተዋል።»

እዚያው ሚሲዮኑ አደርኩ። ራት የጎመን ሾርባ ነበር፤ ከፍየሏ የተረፈው። ስለ ምንም ቁም ነገር አላወራንም።

ቅዳሜ

ሲስተር ክላራ እስከ በሩ ሸኙኝና «በደህና ይግቡ» አሉኝ። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ እንዳለቅስ አስቤ ነበር፤ እጃቸውን ብቻ ጨብጬ ወረድኩ። ይህን አሁን ስጽፈው ይቆጨኛል። ቁልቁለቱን ግን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል፤ ሻይ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ድፍረቴ እንዳያልቅ ፈርቼ።

እትዬ ብዙነሽ «መጣሽ ልጄ!» ብለው ቀይ አበባ ባለው ብርጭቆ ሻይ በማር አቀረቡልኝ። በመጀመሪያ ፋሻውን ቀየርኩላቸው፤ ቁስሉ መጥገግ ጀምሯል። እጄን ታጥቤ ሻዩን አጋመስኩና «እትዬ፣ የተስፋዬ ዘመድ አይደለሁም» አልኳቸው። «ከሰል ይሸጡልዎ የነበሩት የአቶ ገብሬ ልጅ ነኝ። ማንጆ ነኝ።»

እኔን አላዩኝም፤ ብርጭቆውን ነው ያዩት። ከዚያ ፊታቸው ለሰለሰ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «ምነው ልጄ፣ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ቢያውቁ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔስ ምንም ግድ የለኝም። ሰው ነው እንጂ። ሰምቶ ይርቀኛል፤ የምኖረው በዚህች ሻይ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብርጭቆውን ይዘሽው ሂጂ። ላንቺ ይሁን፤ ስጦታዬ ነው።»

ከልባቸው ነው ያሉት፤ ደግ ሰው ናቸው። ብርጭቆውን እኔ ፊት ከሚሰብሩት ሊሸልሙኝ መረጡ። እጄ ቁስላቸውን አጥቧል፣ ሥጋቸውን ነክቷል፤ ለዚያ «ይባረክ» ተብሏል። ከንፈሬ የነካው ብርጭቆ ግን ከቤት መውጣት አለበት። ብጮህ ደስ ባለኝ።

አልጮህኩም። ሻዩን እስከ ጠብታው ጨለጥኩት። ተነሳሁና የቀሩት አምስት ብርጭቆዎች ወደተዘፈዘፉበት የሳሙና ሳፋ ሄድኩ። የኔንም ጨመርኩት፤ እጅጌዬን ሰብስቤ አማሰልኳቸው። አንድ በአንድ አጠብኩ፣ አለቀለቅኩ፣ ስድስቱንም ትሪው ላይ ደፍቼ ደረደርኳቸው። ስድስቱም ቀይ አበባ አላቸው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ የምወስደው የትኛውን ነው?»

ጠጋ ብለው አዩ። አንዱን ነኩ፣ ተዉት። ሌላውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ውጭ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ቦርሳዬን አንስቼ ደፉ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ሲስተር!»

ዞርኩ። ትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ይህ እግሬ… መቼ ተመልሰው ያዩልኛል?»

እስከዚያች ደቂቃ ‹ልጄ› ነበርኩ፣ ‹አንቺ› ነበርኩ። ‹እርስዎ› ያሉኝ አክብረውኝ ይሁን ርቀውኝ አላወቅሁም፤ እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰለኝም። አማርኛ ሁለቱንም የሚለው በአንድ ቃል ነው።

«እግርዎን ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ታይልዎታለች» አልኳቸው። «እኔ ተመልሼ የምመጣው ሻይ ልጠጣ ነው።»